ለቀባሪው አረዱት፦ የመቃብሩ አፈር ከጫማው ሳይራገፍ

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ነው። አንድ ወጣት የእሑዱን ጨዋታ ውጤት ለጓደኛው ነገረው። ጓደኛው ከስልኩ ቀና ሳይል «ለቀባሪው አረዱት! ፌስቡክ ላይ ካነበብኩት ስንት ሰዓቴ» አለው። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔን ግን እስክወርድ ድረስ ከነከነኝ።

ልጁ ቀድሞ ሰማ እንጂ አልቀበረም። ቀባሪ ማለት ጉድጓድ የማሰ፣ ሬሳ የተሸከመ፣ አፈር የመለሰ ሰው ነው። ያ መላሹ ልጅ ጎሉን ያገባው አጥቂ ቢሆን ኖሮ አባባሉ ልክ ነበር።

በልጅነቴ እኔም ተሳስቼበታለሁ። መጽሐፍ ላይ ሳየው «ረ»ን አጥብቄ አነበብኩት። ለቀባሪው በግ ያረዱለት መስሎኝ፣ ደክሞ ለመጣ ሰው ይህ መደረጉ ደስ ብሎኝ ነበር። ያረመችኝ አያቴ ናት። የሚጠብቀው «ደ» ነው፤ አረዳ፣ መርዶ ነገረ ማለት ነው። አማርኛ ለዚህ የተለየ ግስ መያዙ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ወሬ ይወራል፣ የምሥራች ይበሠራል። ሞት ግን ማርዳት ይፈልጋል። ሰዓት አለው፣ ነጋሪ አለው፣ አቀማመጥ አለው።

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ነው። የአያቴ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ታሞ ሞተና እዚያው ተቀበረ። ያኔ በሰፈራችን ስልክ የለም። ወሬውን ይዞ የመጣው ራሱ የቀበረው አጎቴ ነው፤ የአያቴ ልጅ። የደረሰው አመሻሽ ላይ ነበር። መርዶ ደግሞ ማታ አይነገርም። ሐዘንተኛው ሌሊቱን ብቻውን ሲንሰቀሰቅ እንዳያድር፣ ጎረቤትም በጨለማ እንዳይንገላታ ነው። ስለዚህ አጎቴ ከእናቱ ጋር እራት በላ። «ወንድሜስ?» ስትለው «ተሽሎታል፣ ሰላም ብሎሻል» አላት። ጫማው ላይ ቀይ አፈር ደርቆ አይቻለሁ። የመንገድ ጭቃ ነበር የመሰለኝ። ከእራት በኋላ ሹልክ ብሎ ወጥቶ ለጎረቤት ተናገረ። ያን ሌሊት መንደሩ ሁሉ እያወቀ አያቴ ብቻ እንቅልፏን ተኛች።

ጎህ ሲቀድ ውሻው ጮኸ። የነፍስ አባቷ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ገቡ። ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን ገና አላዘቀዘቁም። አያቴ እሳት ለማያያዝ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው። «ምንድን ነው?» አላለችም። «ማን ነው?» አለች።

«ወለተ ማርያም፣ መጀመሪያ ተቀመጪ» አሏት ቄሱ በክርስትና ስሟ ጠርተው። ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ያዟት። ከዚያ ነገሯት።

እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ያለው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ለቅሶው ጋብ ሲል ቄሱ ወደ አጎቴ ዞሩ። ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ አንድ እንባ አልወጣውም። «ልጄ፣ አንተም ስማ። አጎትህ አርፏል። እርምህን አውጣ» አሉት። በገዛ እጁ ቀብሮት የመጣን ሰው! ያን ጊዜ ነው ጉልበቱ የከዳው። ግድግዳውን ይዞ ተንሸራትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

አባባሉን ብዙ ሰው የሚተረጉመው በነጋሪዎቹ እየቀለደ ነው፤ ለሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን የነገሩ ሞኞች ተደርገው። እኔ መነሻው ቀልድ አይመስለኝም። ከሲራራ ነጋዴ ዘመን የመጣ ይመስለኛል። ቡናው በአጋሰስ ተጭኖ ከዓባይ ማዶ ወደ ጎጃሙ ባሶ ገበያ፣ ከዚያም በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ በሚወርድበት ዘመን የዓባይ በረሃ ንዳድ ስንቱን መንገደኛ አስቀርቷል። ጓደኛ ጓደኛውን ዛፍ ሥር ይቀብራል። ሲራራው ግን አይቆምም። ለማልቀስ ጊዜ የለም፤ ቀጣዩ ውኃ ሳይመሽ መድረስ አለበት። ሰውየው ከወራት በኋላ አገሩ ሲገባ መርዶው በሌላ ነጋዴ በኩል ቀድሞት ይደርሳል። ሽማግሌ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል፤ አስቀምጠው ያረዱታል። ለሚያልፍ ሰው ይህ ያስቃል። ለእሱ ግን ሐዘኑ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ማስረጃ ብትሉኝ የማቀርበው የአጎቴን ፊት ነው።

በአማርኛ የሚያስበው ልብ ነው። ልብ በል፣ ልብ ገዛ፣ ልቡን ሳተ እንላለን። ድንገተኛ መርዶ ልብ ይመታል ሲሉም ወላጆቻችን ለማሳመር አልነበረም። በ1990 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሐኪሞች ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚመጣ የልብ ሕመም ለይተው ጻፉ። የልብ የግራ ታችኛው ክፍል በድንገት ይደክምና እንደ ፊኛ ይነፋል። ቅርጹ ጃፓኖች ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበትን ማሰሮ ስለሚመስል ታኮትሱቦ አሉት። አንጎል ሲደነግጥ ወደ ደም የሚጎርፈው አድሬናሊን ዋናው ተጠርጣሪ ነው። በብዛት የሚይዘውም ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ሴቶችን ነው። አያቴን ግራና ቀኝ የያዟት ሁለት ሴቶች ይህን ስም ሰምተውት አያውቁም።

አባባሉ ቦታውን ሲያገኝ እንዴት ያምራል መሰላችሁ። ስምንት ልጅ ለወለደች እናት ስለ ምጥ የሚያስረዳ ሲመጣ በሉት። ገበሬ ሰብስቦ ዘንድሮ ዝናብ ዘገየ የሚል ባለሙያ ስታዩም በሉት። ዜና ከሰው ቀድማችሁ ስላነበባችሁ ግን ቀባሪ አትሆኑም። ወሬው የቆየ ከሆነ «የቆየ ነው» በሉ፤ አማርኛ ለዚህ ቃል አላጣም።

ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የእኛ ሰዎች እስካሁን ወጉን ይዘዋል። የአገር ቤት ቤተሰብ መጀመሪያ የሚደውለው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለጓደኞቹ ነው። እነሱም ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ማለዳ በሩ ላይ ይደርሳሉ። አሁን አሁን ፌስቡክ እየቀደማቸው ነው እንጂ። እዚያ የምትኖር ጓደኛዬ ሌሊት ስልኳን ስትከፍት የእናቷን ፎቶ ከሻማ ጋር አየች። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይላል። ሊያረዷት የመጡት ደጇ ላይ ቆመው ከውስጥ ለቅሶዋን ሰሙ። አንዱ «ለቀባሪው አረዱት ሊሆንብን ነው፣ እኛ ምን እንላታለን?» አለ። አብረዋቸው የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት ተቆጡት። ገቡ፣ አስቀመጧት፣ እጇን ያዙ፤ ስልኩ ላይ ያነበበችውን በአፋቸው ነገሯት።