የድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ

የድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ በከዚራ ሰፈር ከሚገኘው ከአሮጌው ለገሃር (ባቡር ጣቢያ) ጋር በተያያዘ ግቢ ውስጥ ያለ የጥገና ቦታ ነው። በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል፣ አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ይመላለሱ የነበሩ ባቡሮች ከመቶ ዓመት በላይ የታደሱት እዚህ ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመስመሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ሲሆን ሐዲዱ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው በ1890 ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራውን መውጣት ግን ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ መስመሩ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ በታኅሣሥ 1895 ባቡሩ የደረሰበት ሜዳም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፣ ኋላ ድሬዳዋ። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበትና ከሰረ። በፈረንሳዮች የሚመራ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እነዚያ ባዶ የሚመስሉ ዓመታት ለወርክሾፑ ትልቅ ነገር ናቸው፤ ድሬዳዋ የመስመሩ መጨረሻ ስለነበረች ከባሕር የመጣ ባቡር ሁሉ እዚሁ ተፈትሾ፣ እዚሁ ተጠግኖ ነበር የሚመለሰው። ከተማችን የባቡር ልጅ ናት ሲባል ሰው እንደ ተረት ይሰማዋል እንጂ ነገሩ እንዲሁ ነው።

መስመሩ ከተጠናቀቀ በኋላም ወርክሾፑ ከቦታው አልተነቃነቀም። ድሬዳዋ ከጅቡቲ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ዳገቱ ሞተር ይፈትናል፣ ቁልቁለቱ ፍሬን ይበላል። ሐዲዱ የተጋደመበት አግዳሚም ብረት ነው፤ እንጨት ቢሆን ምስጥ አይምረውም ነበር።

በእንፋሎት ዘመን የጥገናው ዋና ጠላት ውኃ ነበር። የድሬዳዋ ውኃ ኖራ እንዳለው እዚህ ከተማ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያላየ የለም። የባቡር ቦይለርም (እንፋሎት የሚፈላበት ጋን) ያው ትልቅ ማንቆርቆሪያ ነው። ቅርፊቱ ሲወፍር ሙቀቱ ወደ ውኃው አያልፍም፤ ማገዶ ይባክናል፣ ቱቦውም ይቃጠላል። ስለዚህ እሳቱን ማጥፋት፣ ቦይለሩ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ውኃውን ማፍሰስ፣ በግፊት ማጠብ፣ ከዚያ ቅርፊቱን መፋቅ ያስፈልግ ነበር። ሳይበርድ ቀዝቃዛ ውኃ የተለቀቀበት ብረት ይሰነጠቃልና ጥድፊያ አያዋጣም።

ሁለተኛው ሥራ ጎማው ነው። የባቡር ጎማ ዙሪያውን ሌላ የብረት ቀለበት ይጠልቅለታል፤ ጠመዝማዛው መንገድ የሚበላው ይህን ነው። ጠርዙ ሲሳሳ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ወጥቶ ቅርፁ ይስተካከላል። መስተካከል ካለፈ ቀለበቱ ይለወጣል፤ አዲሱ ከጎማው ልክ ጥቂት ጠበብ ተደርጎ ይሠራል፣ በእሳት ሲግል ይሰፋል፣ ሳይቀዘቅዝ ይጠልቃል፣ ሲቀዘቅዝ ነክሶ ይይዛል። ቡሎን የለ፣ ብየዳ የለ። ያስጎበኙኝ ጡረተኛ አባት አንዱን ጎማ በመዶሻ መታ አድርገው «ስማ» አሉኝ፤ እንደ ቃጭል ጠራ። ቀጥለው ሌላውን መቱ፤ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። «ይሄ ወይ ተሰንጥቋል ወይ ላልቷል፣ መንገድ አይወጣም» አሉ።

በጣልያን ዘመን የፊያት ሊቶሪናዎች (ሞተራቸው በራሳቸው ላይ ያለ የመንገደኛ ባቡሮች) መጡ። በ1940ዎቹ ደግሞ ናፍጣ እንፋሎትን መተካት ጀመረ፤ ከፈረንሳዩ አልስቶም የተገዙት ሎኮሞቲቮች በረጅሙ ያገለገሉት ከዚያ ወዲህ ነው። ቦይለር መፋቅ ቀርቶ ፊልትሮ (ማጣሪያ)፣ ራዲያተርና ኢንጀክተር (ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጨው) የየዕለት ሥራ ሆነ፤ በዚህ አቧራ ፊልትሮ ሳያጸዱ መክረም ሞተር መግደል ነው። የግቢው ቋንቋም ከዚሁ ታሪክ የተቀዳ ነው፤ ለገሃርና ፉርጎ ከፈረንሳይኛ፣ ቶርኖ፣ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ ዳዶ (የቡሎን ማሰሪያ) እና ኩሽኔታ (የመሽከርከሪያ ተሸካሚ) ከጣልያንኛ።

በ1969 እና 1970 በሶማሊያ ወረራ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ለወራት ተቋርጧል። በ1973 ድርጅቱ የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው የመለዋወጫ ችግር ታሪክ ነው፤ ፋብሪካው መሥራት ያቆመውን ዕቃ የወርክሾፑ ሰው ከቁራጭ ብረት እየቀረጸ ያስኬድ ነበር። መስመሩ ኋላ ቆመ፤ የገደለው እርጅናው ነው የሚሉ አሉ። እርጅና ብቻውን ባቡር እንደማያቆም ግን እነዚያ ማሽኖች ራሳቸው ምስክር ናቸው፤ ገንዘቡ ነው የጠፋው።

በመስከረም 2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የድሮዎቹ ባቡሮች ሊወጡበት አይችሉም። አሁን ግቢው በአብዛኛው የሚጎበኝ ቦታ ሆኗል፤ መግባት የሚፈልግ በሩ ላይ ፈቃድ ይጠይቃል። በጠዋት መሄድ ይሻላል፤ እኩለ ቀን ላይ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር መቆም አይቻልም።