«ደማችን አንድ ነው» እያላችሁ አታድክሙን፦ ደም ማን ይሰጣል፣ ማንስ አይሰጥም

እዚህ ባህር ዳር ደም ባንክ ደም ስቀዳ የምሰማው ነገር ሰልችቶኛል። ቶሎ የሚያልቁትን ላስቀድም፣ አንዱ ላይ ብዙ ስለምናገር።

«ከሲታ ነኝ፣ ደም የለኝም።» ሚዛን ላይ ውጣ። 45 ኪሎ ከሞላህ፣ ዕድሜህም ከ18 እስከ 65 ከሆነ፣ ጣትህን ወጋ አድርገን ሄሞግሎቢንህን (ደምህ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን) እናያለን፣ ካነሰ እኛው እንመልስሃለን። ስንት ደልዳላ ሰው አንሶበት ተመልሷል መሰለህ።

«ደም ብዛት አለብኝ፣ ትንሽ ብትቀንሱልኝ ይሻለኛል።» አይሻልህም። ግፊትህ ከፍ ብሎ ከመጣህ አንቀዳህም፣ መድኃኒትህን ዋጥ።

በልጅነታቸው አንገታቸውን የተነቀሱ እናቶች «እኔማ ንቅሳት አለብኝ» ብለው ከበር ይመለሳሉ፣ ኧረ እትዬ፣ እኛን የሚያሳስበን ባለፉት ወራት የተነቀሰ ነው፣ ድድም ቢሆን። ሴት ወር አበባ ስለምታይ አትሰጥም የሚባለውም ውሸት ነው፣ እርጉዝና የምታጠባ ግን ትቆይ።

ወባስ? ይሄ ጣና ዳር እኮ ነው፣ ወባ ይዞት የማያውቅ ሰው ብቻ ይስጥ ካልን ደም ባንኩን መዝጋት ነው። ታክመህ ከዳንክ ስንት ጊዜ መቆየት እንዳለብህ እንነግርሃለን፣ ዕድሜ ልክህን አልተከለከልክም። ግን አትደብቀን፣ ተዋሲው ፍሪጅ ውስጥ ባስቀመጥነው ደም ውስጥም ይቆያል። «የወፍ በሽታ ነበረብኝ፣ በሥር ድኛለሁ» የምትሉም እንደዛው ንገሩን፣ የዓይን ቢጫነት ጠፋ ማለት ቫይረሱ ለቀቀ ማለት አይደለም፣ ሄፓታይተስ ቢ (አንዱ የጉበት ቫይረስ) ደሙ ውስጥ የቀረ ሰው አይሰጥም፣ በቃ፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ይከታተል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «የዘመድ ደም ይሻላል። ሥጋዋ ነን፣ ከእኛ ቅዱና ለእሷ ስጡ፣ የማናውቀው ሰው ደም አይግባባት።» ይሄን የሚሉት ደግሞ ሰው ደም እየፈሰሰው ባለበት ሰዓት ነው፣ አልጋው አጠገብ ቆመው!

አንዲት ወላድ ከደቅ ደሴት በጀልባ መጣች፣ ከወለደች በኋላ ደሙ አልቆም ብሏት። ባል፣ ወንድም፣ አጎት፣ ሁሉም እጀታውን ሰብስቦ ቆሟል። የእሷ የደም ዓይነት ኦ ነው፣ ኦ ደግሞ ከኦ ውጪ አይቀበልም። ባልየው ቢ፣ ወንድሟ ኤ። የአንድ እናት ልጅ ኤ ሲሆን ሌላዋ ኦ መሆኗን ማስረዳት ራሱ ሌላ ጣጣ ሆነብን። አባት ኤቢ እናት ኦ ቢሆኑ ልጆቻቸው ወይ ኤ ወይ ቢ ናቸው፣ አንዱም ወላጁን አይመስልም (በዚህ ምክንያት ሚስቱን የሚጠረጥር ሰው አጋጥሞኛል፣ እግዜር ይይልህ)። ሴትዮዋን ያተረፋት ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ደም ነው፣ ምናልባት የፔዳ ወይ የፖሊ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀደም ብሎ የሰጠው።

ደሙ ቢገጥም እንኳን «ቀጥታ ከእኔ ወደ እሷ» የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል፣ ከዛ ክሮስማች አለ፣ የሰጪውና የታማሚዋ ደም መግባባቱን ማየት ማለት ነው። የባል ደም ለሚስት ሲሰጥ ደግሞ ሰውነቷ ፀረ እንግዳ አካል (የባልን ደም የሚያጠቃ መከላከያ) ያመርትና በሚቀጥለው እርግዝና ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። የእናት፣ የአባት፣ የወንድምም እንዲሁ አደጋ አለው፦ ነጭ የደም ሴሎቻቸው ከተቀባዩ ጋር በጣም ስለሚመሳሰሉ ሰውነቱ ባዕድ መሆናቸውን አያውቅም፣ ዝም ይላቸዋል፣ እነሱ ግን መልሰው እሱን ያጠቁታል። የሚከሰተው አልፎ አልፎ ነው፣ ከተከሰተ ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ውሸቱ ነው። ዘመድ ዙሪያውን ከቦት «አንተም ስጥ» የተባለ ጎረምሳ ባለፈው ወር የት እንዳደረ በአጎቱ ፊት ይነግረኛል? አዲስ የገባ ቫይረስ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ በምርመራ ላይታይ ይችላል። ማንም ሳያስገድደው በራሱ ጊዜ የሚመጣው ሰው ነው እውነቱን የሚነግረኝ፣ ለዛ ነው የማታውቁት ሰው ደም የሚሻለው።

ዝምድና የሚጠቅምበት ቢኖር ኩላሊት ላይ ነው። በአገራችን ንቅለ ተከላው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የተጀመረው በሕይወት ያለ ዘመድ እየሰጠ ነው፣ እሱም ቢሆን ዘመድ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ስኳርና ግፊት የሌለበት፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ጤነኛ መሆናቸው የታየ፣ ምርመራውም የገጠመ መሆን አለበት። የዓይን ብሌን ደግሞ ዝምድናም የደም ዓይነትም አይጠይቅም፣ መነጽር ያደረገም ሽማግሌም ቃል መግባት ይችላል፣ የሚወሰደው ከሞት በኋላ በሰዓታት ውስጥ ስለሆነ ግን ለቤተሰባችሁ ካልነገራችሁ ዋጋ የለውም።

እና ደም መስጠት የምታስቡ፣ ሰው እስኪታመምባችሁ አትጠብቁ፣ ደህና ስትሆኑ ኑ፣ በ3 ወር አንዴ ይበቃል። በጾም ባዶ ሆዳችሁን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይታችሁ አትምጡብኝ፣ ሽሯችሁን ብሉና ውሃ ጠጥታችሁ ኑ። ስትጨርሱ ትንሽ አረፍ በሉ፣ ከዛ ሳይክሉን በዛ ፀሐይ እየገፋችሁ ሂዱ እንጂ ወዲያው እንዳትነዱት።