ሥርዓተ ፆታ ምንድን ነው? «ያው ሴቶች ማለት አይደል?» ለሚሉ

ሰሞኑን አንድ ረቂቅ ሪፖርት አስተያየት እንድሰጥበት ተላከልኝ። ከምዕራፎቹ አንዱ «የሥርዓተ ፆታ ትንተና» ይላል። ገለጥኩት። ግማሽ ገጽ ነው። አንድ ሠንጠረዥ አለ፦ ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል፣ ድምር። ከሥሩ «የሴቶች ቁጥር ዝቅተኛ በመሆኑ ሊሻሻል ይገባል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። አለቀ።

ይህን ዓይነት ምዕራፍ ስንቴ እንዳየሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ለጸሐፊው ደውዬ ስነግረው የተለመደው መልስ መጣ፦ «ያው ጀንደር ማለት ሴቶች ማለት አይደል?»

አይደለም። ይህን ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ዓመታት ሆኖኛል፤ እንደዚህ የሚያንገበግበኝ ነገር የለም።

ቃሉን ራሱን እንየው። እንግሊዝኛው «ጀንደር» ያለውን አማርኛው «ሥርዓተ ፆታ» ሲል «ሥርዓት» የሚለውን ፊት ላይ አስቀምጦልናል። ሥርዓተ ነጥብ ስንል ነጥቦቹን ማለታችን አይደለም። የትኛው ምልክት የት እንደሚገባ፣ የትኛው ሐሳብ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ትንፋሽ እንደሚሰጥ የተስማማንበትን ደንብ ማለታችን ነው። አንድ ሰው ገጹ ላይ ስንት አራት ነጥብ እንዳለ ቆጥሮ «ሥርዓተ ነጥቡን ተንትኛለሁ» ቢል ማን ይቀበለዋል? ያ ሠንጠረዥ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሥርዓተ ፆታ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ተናግሮ እንደሚሰማ፣ የማን ሥራ ስንት እንደሚያወጣ የሚወስነው ደንብ ነው።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋበት። ሥርዓተ ነጥብ በትክክል ሲገባ አይታየንም። የሚታየን ሲዛባ ነው። አንድ ጎልማሳ ወንድ በሰዎች ፊት ሲያለቅስ ክፍሉ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ደንቡ የት እንዳለ ያሳያል። ደግሞም ደንብ ይለወጣል። ድሮ በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ ይገባ ነበር፤ ዛሬ ባዶ ቦታ ተክቶታል። ቃላቱ ግን እነዚያው ናቸው።

በሰው ላይ ይህ እንዴት እንደሚሆን የኮምፒውተር ታሪክ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኤኒያክ የተባለውን ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት 6 ሴቶች ነበሩ። ያኔ ክቡር የሚባለው ሥራ ማሽኑን መሥራት ነው፤ እሱ ለወንዶች ተሰጠ። ፕሮግራሙ እንደ ቢሮ ጽሕፈት ተቆጠረና ለሴቶች ተተወ። ስማቸው ለዓመታት ሳይነሳ ቆየ። በኋላ ፕሮግራሚንግ ገንዘብም ክብርም ሲያመጣ የወንድ ሥራ ተባለ። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1984 ገደማ በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከያዙት ወደ 37 ከመቶው ሴቶች ነበሩ። ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ከ20 ከመቶ በታች ወረዱ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የማንም አንጎል አልተለወጠም።

ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ሥርዓተ ነጥብ ምልክቶችን አያበላልጥም። ሥርዓተ ፆታ ያበላልጣል፤ ስለዚህም ነው ማጥናቱ የሚያስፈልገው።

«ጀንደር የምትሉት ሴቶች ለማለት ስለፈራችሁ ነው» የሚል አስተያየትም አንብቤያለሁ። እውነት አለው። የታሪክ ምሁሯ ጆአን ስኮት እ.ኤ.አ. በ1986 ይህንኑ ታዝበው ጽፈዋል። «ሴቶች» የሚለው ወገንተኛ ስለሚመስል ብዙዎች ለጆሮ ለስለስ ያለውን «ጀንደር» በምትኩ ያስገቡ ነበር። እሳቸው ቃሉ ለሌላ ሥራ እንዲውል ነበር የፈለጉት፤ ሥልጣን እንዴት እንደሚከፋፈል ለመመርመር። አስተያየት ሰጪው ስሕተቱን አይቷል። ስሕተቱን ግን ትርጉም አድርጎታል።

ትምህርቱም በዚሁ መንገድ ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ በሳንዲያጎ ሲጀመር «የሴቶች ጥናት» ይባል ነበር። በየመጽሐፉ ያልተጻፉትን ሴቶች መፈለግ ነበር ሥራው። ከዚያ «ማን ቀረ?» ከሚለው ቀጥሎ «ምን አስቀረው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች፣ የሥርዓተ ፆታና የወሲባዊነት ጥናት ይሉታል። ሦስተኛው ቃል ሰው ያስደነግጣል። የሚጠናው ግን አንድ ኅብረተሰብ የትኛውን ፍቅር፣ የትኛውን ጋብቻ፣ የትኛውን ገላ ትክክል እንደሚል፣ ሕግና ሕክምናም ያንን እንዴት እንዳጸኑት ነው።

በየዓመቱ የመጀመሪያው ክፍል ሲያበቃ አንድ ወንድ ተማሪ ወደኋላ ይቀርና «ለእኔም ይሆናል?» ይለኛል። ከእነሱ አንዱ የማጠቃለያ ጽሑፉን የሠራው በአባቱ ላይ ነው። አባቱ ደረታቸውን እያመማቸው ለወራት ለማንም አልተናገሩም። ሲጠየቁ «ድካም ነው» ይሉ ነበር። ልጁ ማን ይህን እንዳስተማራቸው፣ ቢናገሩ ምን ያጡ እንደነበር አንድ በአንድ ጻፈ። ጽሑፉ ውስጥ አንዲትም ሴት የለችም። እስከ ዛሬ ካነበብኳቸው የሥርዓተ ፆታ ትንተናዎች ሁሉ አንደኛው ነው።

«ባዮሎጂን ትክዳላችሁ» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። ዞልፒደም የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት አለ። ከሴቶች ሰውነት ቶሎ አይወጣም። ይህ ፆታ፣ ማለትም የገላ ልዩነት ነው፤ ማንም አይክደውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ግን ለሴቶች የሚመከረውን መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም በግማሽ የቀነሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። መድኃኒቱ ከተፈቀደ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የወንድ ገላ ለሁሉም መለኪያ ሆኖ ይህን ያህል መቆየቱ ነው ሥርዓተ ፆታ።

ሳልጠየቅ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ ሙያዬ ነውና አያስችለኝም። ሥርዓቱ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ናይጄሪያዊቷ ምሁር ኦዬሮንኬ ኦየውሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በድሮው የዮሩባ ኅብረተሰብ ሰውን ከሰው ይለይ የነበረው በዋናነት ታላቅና ታናሽነት ነው ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። እኔ ባነበብኩት ቁጥር የራሴ ቋንቋ ይታወሰኛል። በአማርኛ «አንተ» ወይም «አንቺ» ሳልል አንድ ሰው ማናገር አልችልም። ሰውየው ሲከበር ግን «እርስዎ» እለዋለሁ፣ ያኔ ፆታው ከቃሉ ይጠፋል። ከዚህ ተነስቶ ስለ ኅብረተሰቡ መደምደም አይገባም፤ ተውላጠ ስሙ ፆታ የማይለይ ቋንቋ የሚናገሩ ብዙ አገሮችም አድልዎ አለባቸው። ብቻ ዕድሜና ክብር ያልገቡበት ትንተና ጎዶሎ ነው።

ሪፖርቱን መልሼ ልኬዋለሁ። ሠንጠረዡን አልሰረዝኩትም፤ ቁጥሩም ያስፈልጋል። ከጎኑ በቀይ የጻፍኩት ይህን ነው፦ ስብሰባው ላይ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማን ነው? የማን ሐሳብ በሌላ ሰው አፍ ሲደገም ተሰማ? ልጅ ሲታመም ፈቃድ የሚጠይቀው ማን ነው፣ የጠየቀ ወንድስ ምን ተባለ? እነዚህን ጠይቆ እንዲመለስ ሁለት ሳምንት ሰጥቼዋለሁ።