ድኩላን ስለ ማደን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል በሚገኘው በወፍ ዋሻ ደን ዳር ለሚኖር ክርስቲያን፣ «ድኩላ ማደን ኃጢአት ነውን?» የሚለው ጥያቄ በእርሻው ወሰን ላይ የሚያጋጥመው ጉዳይ ነው። የመጽሐፉ ዋላ በእኛ ተራሮች ላይ ባይኖርም ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ አሉን። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላንና ሚዳቋን ከሚበሉት እንስሳት ጋር ይቆጥራቸዋል፤ በንጉሡ በሰሎሞን ማዕድም ይቀርቡ ነበር (1ኛ ነገ. 4፥23)። ስለዚህ አዳኝን ሁሉ በደለኛ የሚያደርግ ትምህርት ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም።

ሥጋውን የፈቀደው ሕግ ግን በዘሌዋውያን 17፥13 ላይ አዳኙን ለብቻው ጠርቶ፣ የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ አድኖ የያዘ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር ይክደነው ይላል። በደጁ በግ ለሚያርድ ሰው አፈር አልብስ አልተባለም፤ ይህ የታዘዘው ለአዳኙ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ አዳኙ ማንም በማያየው ዱር ውስጥ ብቻውን ስለሆነ፣ ለፉከራ ሊነሣ የነበረው እጁ አስቀድሞ ወደ መሬት ወርዶ አፈር እንዲዘግን ነው። ሥጋው ተሰጥቶታል፤ ነፍሱ ግን የሰጪው ናት፤ «የዱር አራዊት ሁሉ የእኔ ናቸው» ያለው እርሱ ነውና (መዝ. 49፥10)።

አደን ደስ የሚያሰኝ መሆኑን መካድም አይገባም። ጉም ከገደሉ ሳይነሣ ወንዱ ድኩላ፣ ጠጉሩ ወደ ጥቁር ያደላ፣ ከአስታው ቁጥቋጦ ሥር ወጥቶ ጆሮውን ወደ ነፋሱ ሲያዞር፣ የሚያየው ሰው ትንፋሹን ይውጣል፤ ድኩላው ከጠረጠረ ግን እንደ ውሻ ጮኾ ይሰወራል። ይህ መደነቅ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደምትናፍቅ የዘመረው ዳዊትም (መዝ. 41፥1) አራዊትን አስተውሎ ያየ ሰው ነው። ነቀፋው የሚጀምረው መደነቁ «ዘራፍ» ወደ ማለት ሲለወጥ፣ የወደቀውም እንስሳ ለምግብ ሳይሆን ለስም ሲፈለግ ነው። ሰማዕቱ ኤዎስጣቴዎስ የሮም የጦር አለቃ ሳለ ዋላ ሲያሳድድ በቀንዶቹ መካከል የመስቀል ምልክት እንዳየ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነግረናል፤ የተጠራው ከነአደን ፍቅሩ ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን በሌላ መንገድ ሄደ።

በወጥመድ ላይ ግን ለዘብ ማለት አልችልም። በድኩላ መውጫ ላይ የተጠመደ ሽቦ ወንድ ከሴት አይለይም፤ ግልገሏን በቁጥቋጦ ውስጥ ሸሽጋ ለግጦሽ የወጣችውን እናት ከያዘ፣ ግልገሏም በረኃብ ያልቃል። ባለ ወጥመዱ በማግሥቱ ሲደርስ ታንቃ የሞተችውን ቢያገኝ፣ በሥላሴ ስም ባርኮ ሊያርዳት አይችልም፤ ሐዋርያትም ከደምና ከታነቀ እንድንርቅ አዝዘዋል (ሐዋ. 15፥29)። ባቄላዬን በላብኝ የሚለው ገበሬ ምሬቱ እውነት ነው፤ ለእርሱም አጥርና ጥበቃ እንጂ ሽቦ መፍትሔ አይሆነውም።

የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግም ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ይህንን የከተማ ሰዎች ሕግ ብቻ አድርጎ የሚያይ ካለ የመንዝን አባቶች ያስታውስ፤ በጓሳ የሚበቅለውን ሣር ቄሮ በሚባለው የአባቶች የጥበቃ ሥርዓት፣ ጊዜው ሳይደርስ እንዳይታጨድና ከብት እንዳይገባበት ዘግተው፣ ለብዙ ትውልድ በቃል ኪዳን ጠብቀዋል። በጫካ የተጠመደ ሽቦ ያለው ምእመን ዛሬውኑ ሄዶ ይፍታው። ታንቆ የሞተ ሥጋ ለጎረቤት ሳይናገር ሰጥቶ እንደሆነም፣ ለንስሐ አባቱ ሲናዘዝ የበሉትን ሰዎች ጉዳይ ጨምሮ ይንገራቸው፤ እነርሱ ሳያውቁ በልተዋልና።