ፍራንቻይዝ ምንድን ነው? ስም መግዛት ግን አይደለም

የአዲስ አበባ የበርገር ወይም የፒዛ ቤት ስም ጅማ ላይ በተሰቀለ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። አንዱ «እገሌ ፍራንቻይዙን ገዝቶታል፤ ከእንግዲህ ቤቱ የራሱ ነው፣ እንደፈለገ ያደርገዋል» ይላል። ሌላው «የአዲስ አበባ ሀብታም ገንዘቡን ይዞ መጣብን፣ የፈረንጅ አራዳ ሰፈር ትናንሽ ቤቶች አለቀላቸው» ብሎ ያማርራል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ስህተት ግን ይብሳል፤ እሱን አምኖ የቤተሰቡን ገንዘብ የሚያፈስ ሰው አለና።

ሁለተኛውን ቶሎ ልለፈው። ቅርንጫፍ የዋናው ድርጅት ንብረት ነው፤ ሠራተኛውም ኪሳራውም የእሱ። ፍራንቻይዝ ሲሆን ምድጃውን፣ ፍሪዘሩን፣ ወንበሩንና የኪራይ ቅድመ ክፍያውን የሚያወጣው የጅማው ሰው ነው። ከሰጪው፣ ማለትም ከስሙ ባለቤት፣ የሚመጣው በምልክቱ የመጠቀም ፈቃድ፣ የአሠራር ማኑዋል፣ ሥልጠናና ቁጥጥር ነው። «ገንዘቡን ይዞ መጣብን» ባዩ ብዙ ጊዜ የሚያማው የገዛ ጎረቤቱን ነው። ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ገንዘብ አውጥቶ ያስገባው በላይአብ የተባለው የአገር ውስጥ ድርጅት ነበር። የማክዶናልድስ ምግብ ቤቶችም ከመቶ 95 ያህሉ የሚሠሩት በየአገሩ ባሉ ሌሎች ነጋዴዎች እጅ ነው። ስታርባክስ በአንጻሩ ብዙ ሱቆቹን ራሱ ያስተዳድራል። ስሙ ስለገነነ ብቻ ፍራንቻይዝ ነው ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ «ገዛው»። የገዛኸውን ትሸጠዋለህ፣ ታወርሰዋለህ፣ ቀለሙን ትለውጠዋለህ። ፍራንቻይዝ የወሰደ ሰው ከእነዚህ አንዱንም ያለ ሰጪው ፈቃድ አያደርግም። ነገሩ ይበልጥ የሚቀርበው መሬትን በእርቦ ወይም በሲሶ ለማረስ ነው። አራሹ በሬውን፣ ዘሩንና ጉልበቱን ያመጣል። ባለመሬቱ ድርሻውን የሚያነሳው ከአውድማ ላይ ነው፤ በሬው ስንት ድርቆሽ በላ፣ ለአራሙቻ ስንት ወጣ ብሎ አይጠይቅም። ሮያሊቲ የሚባለው ክፍያ ልክ እንደዚህ ነው፤ ከጠቅላላ ሽያጭ ይነሳል፣ ከትርፍ አይደለም። «ካተረፈ ያካፍላል» የሚሉ ሰዎች ይህን ነጥብ ዘለውታል። ኬንታኪ የሚባለው የዶሮ ቤት በ1952 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በፍራንቻይዝ ሲሰጥ፣ የሶልት ሌክ ሲቲው ፒት ሃርማን ለሃርላንድ ሳንደርስ የተስማማው በተሸጠ ዶሮ 4 ሳንቲም ለመክፈል ነበር። ዶሮው አተረፈም ከሰረም 4 ሳንቲም።

ለስሌት ያህል በዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ያለ አንድ ቤት በጥሩ ወር፣ ከቫት በፊት፣ 1,000,000 ብር ሸጠ እንበል። ሮያሊቲ 6 በመቶ፣ 60,000፤ የማስታወቂያ መዋጮ 2 በመቶ፣ 20,000፤ ጥሬ ዕቃና መጠቅለያ 420,000፤ ደመወዝ 150,000፤ ኪራይ 120,000፤ መብራት፣ ጋዝና የጀነሬተር ነዳጅ 60,000፤ ማጓጓዣ 50,000፤ ልዩ ልዩ 40,000። ለባለቤቱ 80,000 ብር ይቀራል፤ ሰጪው ከወሰደው ጋር እኩል ማለት ነው። ያውም የባንክ ብድር ካልተቆጠረ።

ነሐሴ ደግሞ ይመጣል። ተማሪው አገሩ ገብቷል፣ ከግቢው ካፌ የማይመገበው ነን ካፌው የለም፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በባጃጅ እየተጫነ የሚመጣው ወጣት የለም። ሽያጩ ወደ 500,000 ይወርዳል። ሮያሊቲው 30,000፣ መዋጮው 10,000፣ ጥሬ ዕቃው 210,000 ይሆናል። ደመወዙና ኪራዩ ግን ንቅንቅ አይሉም፤ መብራቱና ማጓጓዣው የሚቀንሱት በትንሹ ነው። 45,000፣ 40,000 እና ልዩ ልዩ 30,000 ብንል ወጪው 635,000 ነው። ቤቱ 135,000 ብር ከስሮ 40,000 ብር ለሰጪው ይከፍላል። ውሉ ውስጥ «ዝቅተኛ ወርሃዊ ሮያሊቲ 50,000 ብር» የሚል አንቀጽ ካለ ደግሞ ኪሳራው ወደ 155,000 ያድጋል። ይህ አንቀጽ የእርቦውን አራሽ ወደ ጥሬ ገንዘብ ተከራይነት ይለውጠዋል፤ ዝናብ ቢቀርም ትከፍላለህ። በተማሪ ላይ ለሚመሠረት ቤት ዝቅተኛው ሮያሊቲ ከሐምሌ እስከ መስከረም እንዲነሳ ወይም በግማሽ እንዲቀንስ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ የተረቀቀ ውል የጅማን ክረምት አያውቅም።

በዚህ ጊዜ ያ «ገዛው» ባዩ ተከራካሪ «ታዲያ የጅማ ሰው እንደሚወደው አድርጎ ቢያስተካክለውስ፣ ማን ያየዋል?» ይላል። ባለመሬቱ ጤፍ ዝራ ካለ በቆሎ አትዘራም። ጠንካራ ምክንያትም አለው፤ አዳማ ላይ ያለው አራሽ የዘራው እንክርዳድ የጅማውን እህል ዋጋ ያወርዳል። አንድ ቤት ውስጥ ሰው ከታመመ ሁሉም ቤት ባዶ ይሆናል። ማኑዋሉ የተፈጨ ሥጋ መሐሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይጠበስ፣ ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሁን፣ ፍሪጅ ከ5 ዲግሪ አይለፍ፣ የሙቀት መመዝገቢያው በየፈረቃው ይፈረም የሚለው ለዚህ ነው። መብራት ሲጠፋ የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል፣ ግማሹ ባዶ የሆነ 24 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ፍሪጅ ግን 4 ሰዓት ብቻ። ተቆጣጣሪው ሳይናገር መጥቶ መጀመሪያ የሚያየው ያንን መዝገብ ነው። ሙሉ ሳምንት በአንድ ብዕር፣ በአንድ እጅ የተሞላ መዝገብ ከባዶው ይብሳል።

ይህን ስል ማኑዋል አይነካም ማለቴ አይደለም። ጅማ ላይ መነካት ግዴታ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ፤ ልዩነቱ ማሻሻያው በጽሑፍ ተጠይቆ፣ በጽሑፍ ተፈቅዶ፣ ማኑዋሉ ውስጥ መግባቱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሥጋ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቤት ሥጋውን ከክርስቲያን አራጅ ሊያስመጣ ይችላል። ጅማ ላይ ከደንበኛው ቀላል የማይባለው ሙስሊም ነው፤ የክርስቲያን እርድ አይበላም፤ ብዙው ክርስቲያን ደግሞ የሙስሊም ሥጋ አይበላም። ሁለቱን በአንድ መጥበሻ ማስተናገድ አይቻልም። የሚቻሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ አንዱን ሥጋ መርጦ በግልጽ መለጠፍ፣ ወይም ወጥ ቤቱን ከቢላዋና ከመክተፊያ እስከ ዘይት መጥበሻና ፍሪዘር መክፈል፣ ወይም ምናሌውን ወደ ዓሣ፣ አትክልትና አይብ ማዘንበል። ሁለተኛው ከቦታውም ከገንዘቡም ብዙ ይወስዳል፤ አንድ አስተናጋጅ ማንኪያ ሲያሳስት ደግሞ እምነቱ በአንድ ቀን ይፈርሳል። የትኛውም ቢመረጥ ዋናው ድርጅት የሚልከው የተዘጋጀ በርገር ሥጋ የማን እርድ እንደሆነ ከመክፈቻው በፊት መታወቅ አለበት። ይህን ተቀባዩ ብቻውን ሊወስን አይችልም። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገጣጠሙ የቀን ሽያጩ ምን እንደሚሆን ለመገመት ደግሞ ባለሙያ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ከፍታ ነው፤ ይሄኛውን ማንም አያስበውም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ናቸው። ጅማ ላይ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ፣ አዲስ አበባ በ92 አካባቢ ነው። በአዲስ አበባ ደቂቃ የተቀቀለ ፓስታ ጅማ ላይ ይለሰልሳል። ሊጥ ላይ ነገሩ ይጎላል፤ ጅማ ሞቅ ስለሚል እርሾው ይፈጥናል፣ በማኑዋሉ ሰዓት የተተወ ሊጥ አልፎ ይኮመጥጣል፣ ስኳሩን ስለጨረሰም ምድጃ ውስጥ ሳይቀላ ይቀራል። ሠራተኛው ምድጃውን ያማል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ሥሩ ያርራል። መፍትሔው ምድጃው ላይ አይደለም፤ ለምሳሌ ለአንድ ኪሎ ዱቄት 5 ግራም ደረቅ እርሾ የሚለውን ወደ 3 ማውረድ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ማቡካት ወይም ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው።

ሦስተኛው ቡና ነው፤ እዚህ ላይ ሳቅ ይመጣል። ውሉ «ቡና ከዋናው ድርጅት ብቻ ይገዛል» ካለ፣ ጅማ ዙሪያ ተለቅሞ በጀንፈሉ የደረቀ ቡና 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ አዲስ አበባ ተቆልቶ፣ ዋጋው ተጨምሮበት ያንኑ መንገድ በጊቤ በረሃ በኩል ይመለሳል። እዚያው ከቤቱ ጀርባ የሚቆላ እያለ። ሰጪው ለጣዕም ወጥነት ነው ይላል፤ ለቅመምና ለሶስ እውነት ሊሆን ይችላል። ለቡና፣ ለአቮካዶ፣ ለሽንኩርትና ለዳቦ ግን «መመዘኛውን የሚያሟላ የአካባቢ አቅራቢ ሲኖር» የሚል ሐረግ ውሉ ውስጥ ይግባ ብሎ መከራከር ይቻላል። አንዳንድ ሰጪዎች ከሮያሊቲው ይልቅ የሚያተርፉት በግድ ከሚያስገዙት ዕቃ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሮያሊቲው ዝቅ ብሎ ከታየ የዕቃውን ዋጋ ዝርዝር መጠየቅ ነው።

ስለ ውሉ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ካልጠየቃችሁኝም እናገራለሁ። ጅማ ላይ የቤት ኪራይ ውል ብዙ ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው፤ ፍራንቻይዝ ግን ለ5 ወይም ለ10 ይፈረማል። አከራዩ በሁለተኛው ዓመት ኪራዩን እጥፍ ሲያደርግ ወይም ቤቱን ሲፈልግ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሴራሚክ፣ የጭስ መውጫውና የመብራት መስመሩ እዚያው ይቀራሉ፣ የፍራንቻይዙ ግዴታ ግን ይቀጥላል። ሁለቱ ዘመኖች እኩል ይሁኑ፤ ካልሆነም ቦታ የመቀየር መብት ይጻፍ። ሁለተኛው ምልክቱ ራሱ ነው። ንግድ ቢሮ የተመዘገበ የንግድ ስም የንግድ ምልክት አይደለም። ምልክት የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፣ የሚጸናው ለ7 ዓመት ሆኖ ይታደሳል፣ የሚጠብቀውም የተመዘገበበትን የዕቃ ወይም የአገልግሎት ምድብ ነው። የምግብ ቤት አገልግሎት ምድብ 43 ነው። በቡና ዱቄት ምድብ ብቻ የተመዘገበን ምልክት ለምግብ ቤት ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው እሱም የሌለውን እየሸጠ ነው። የምስክር ወረቀቱን ዋናውን አይታችሁ ቀኑን ቁጠሩ።

ውሉ ሲያበቃ ሰሌዳው ይወርዳል፣ ግድግዳው ይቀባል፣ ማኑዋሉ ይመለሳል፣ የታወቀው ስልክ ቁጥርም ሊሄድ ይችላል። አራሹ እርከን ሠርቶ ያለማው መሬት ለባለመሬቱ እንደሚቀር፣ ጅማ ላይ በዓመታት የተገነባው የስሙ ዝናም ለሰጪው ይቀራል። «ገዛው» ላሉ ሰዎች ትልቁ ድንጋጤ የሚመጣው ያን ቀን ነው።

እንግዲህ ቀጥሎ አዲስ ስም ሲሰቀል ከመከራከር አንድ ማኪያቶ አዝዛችሁ ደረሰኙን ተመልከቱ። ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የወጣው ደረሰኝ ላይ የግብር ከፋዩ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለ። የአዲስ አበባው ድርጅት ስም ከሆነ ቅርንጫፍ ነው። የሌላ ሰው ወይም የሌላ ድርጅት ስም ከሆነ ወይ ፍራንቻይዝ ነው፣ ወይ ስሙን ሳያስፈቅድ የሰቀለ ሰው ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደረሰኙ አይለያቸውም፤ እሱን የሚለየው የተፈረመው ውል ነው።