ከዜና ክፍል ወደ ሰብዓዊ መብት ምርመራ፦ የተመራማሪነት ሙያ

የሰብዓዊ መብት ተመራማሪ የመብት ጥሰት ደረሰ ሲባል ቦታው ድረስ ሄዶ፣ መግባት ካልተፈቀደም ከርቀት፣ የሆነውን አጣርቶ በዓለም አቀፍ ሕግ እየመዘነ ሪፖርት የሚጽፍ ባለሙያ ነው። ቀጣሪዎቹ እንደ አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎች ያሉ ድርጅቶች፣ ብሔራዊ ኮሚሽኖችና በተባበሩት መንግሥታት የሚቋቋሙ አጣሪ ቡድኖች ናቸው። ከጋዜጠኝነት የሚመጡ ብዙ ናቸው። ዝምድናው የቆየ ነው፤ አምነስቲ ራሱ የተወለደው ጠበቃው ፒተር ቤነንሰን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1961 ዘ ኦብዘርቨር በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ካወጣው ጽሑፍ ነው።

ጋዜጠኛ ሰው ማናገርና ምንጭ መጠበቅ ይችልበታል። የሚከብደው ጥድፊያውን መተው ነው። አጣሪ ኮሚሽኖች በአብዛኛው የሚመሩበት መለኪያ «ለማመን የሚያበቃ ምክንያታዊ መሠረት» ይባላል፤ ከወንጀል ችሎት ያነሰ ቢሆንም በአንድ ጥሩ ጥቅስ አይሞላም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በቃለ መጠይቁ ነው። ምስክሮች ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ አብረው ካወሩ የአንዱ ትዝታ ወደ ሌላው ይገባል። «የተኮሱት ወታደሮች ናቸው?» ብሎ መጠየቅ መልሱን ማጉረስ ነው። «ከዚያስ ምን ሆነ?» ተብሎ ትረካው እስኪያልቅ ይደመጣል፤ ዝርዝሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል፦ የት ቆመው ነበር? ምን ይታይዎት ነበር? ይህን ያዩት ነው ወይስ የሰሙት? ቦታውን በቃል ማስረዳት ላቃተው ወረቀትና እርሳስ መስጠት ይረዳል። አስተርጓሚው «እንዲህ ነው የሚለው» እያለ ካሳጠረ ቃሉ ተበላሸ፤ «እኔ» እያለ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲተረጉም ቀድሞ ይነገረዋል። ፈቃድም አንድ «እሺ» አይደለም፤ ቃሉ ለሪፖርት እንዲውል፣ ስሙ እንዲወጣ፣ ለፍርድ ቤት እንዲተላለፍ ለየብቻ ይጠየቃል። ለምስክርነት ገንዘብ አይከፈልም። ከሁሉ የከፋው ልማድ ለሌሎች የተናገረን ተጎጂ ደግሞ ማስተረክ ነው፤ ቁስሉን ይነካካል፣ በቃሎቹ መካከል የሚፈጠረውም ጥቃቅን ልዩነት በኋላ ለተከሳሽ ጠበቃ ሲሳይ ይሆናል።

የሥራው መመሪያዎች የታወቁ ናቸው (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)፦ ለስቃይ ምርመራ የኢስታንቡል ፕሮቶኮል (1999፣ በ2022 የተሻሻለ)፣ ለአጠራጣሪ ሞት የሚኒሶታ ፕሮቶኮል (1991፣ በ2016 የተሻሻለ)፣ ለኢንተርኔት ማስረጃ በ2020 ይፋ የሆነው የበርክሌይ ፕሮቶኮል።

ቪዲዮ ሲገኝ ዋናው ፋይል ይቀመጣል፤ ሊንኩና የተወሰደበት ሰዓት ይመዘገባል፣ በኋላ አለመነካካቱን ለማሳየት የሃሽ ቁጥሩ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላና ፋይሉ ትንሽ ቢነካ የሚለወጥ መለያ፣ ይያዛል። በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል የተነሳበትን ጊዜና ቦታ የሚናገረው ሜታዳታ ይራገፍበታል፤ ስለዚህ ምስሉን ያነሳው ሰው ዋናውን እንዲልክ ይጠየቃል። ቦታው ከሳተላይት ምስል ጋር በማመሳከር፣ ሰዓቱ በጥላ አቅጣጫና ርዝመት ይገመታል።

ሪፖርቱን ከኅትመት በፊት የሕግ ባለሙያ ያነበዋል፤ ለተወቀሰው ወገንም ግኝቱና ጥያቄዎቹ በደብዳቤ ተልከው የመልስ ጊዜ ይሰጣል። እዚህ ላይ የቀድሞ ጋዜጠኛ ብዙ ጊዜ ትዕግሥቱ ያልቃል።

ኮንትራቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ሪፖርቱ ከወጣ በኋላም ቪዛ መከልከል ያለ ነው። የጭካኔ ቪዲዮ ቀኑን ሙሉ የሚመረምሩ ሰዎች መጀመሪያ ድምፁን ዘግተው፣ መስኮቱን አሳንሰው ነው የሚያዩት፤ አእምሮ ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ጩኸቱ ነውና።