ፉል ፍሬም ምንድን ነው? ካሜራ ከመቀየርዎ በፊት

ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ 36 በ24 ሚሊሜትር የሆነ ካሜራ ነው። ትርጉሙ እዚህ ላይ ያልቃል። የጥራት ማዕረግ አይደለም፣ «የባለሙያ ካሜራ» ማለትም አይደለም፤ የአንድ አራት ማዕዘን ልክ ነው። ልኩን ያወረስን ፊልም ነው። በጀርመኑ ኤርንስት ላይትስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ ለሲኒማ የሚውለውን 35 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፊልም ወስዶ፣ የሲኒማውን 18 በ24 ሚሊሜትር ክፈፍ እጥፍ በማድረግ 24 በ36 አደረገው። እሱ የሠራው ሌይካ የተባለ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ሲቀርብ ልኩም አብሮ ተስፋፋ፤ ሌንሶችም ለዚያው ልክ ይሠሩ ጀመር። ዘመኑ ወደ ዲጂታል ሲዞር ግን ይህን የሚያህል ሴንሰር መሥራት እጅግ ውድ ስለነበር አብዛኛው አምራች ኤፒኤስ-ሲ ወደሚባለው አነስ ያለ የሴንሰር ልክ ሄደ። «ፉል»፣ ማለትም «ሙሉ»፣ የሚለው ቅጽል የመጣው ከዚህ ንጽጽር ነው እንጂ ከበላዩ ሌላ ስለሌለ አይደለም፤ 44 በ33 ሚሊሜትር ሴንሰር ያላቸው ሚዲየም ፎርማት ካሜራዎች አሉ።

ወደ ቁጥሩ እንግባ። የፉል ፍሬም ስፋት 864 ካሬ ሚሊሜትር ነው። የኒኮን፣ የሶኒና የፉጂፊልም ኤፒኤስ-ሲ 23.5 በ15.6 ገደማ ሆኖ ወደ 367 ካሬ ሚሊሜትር ይመጣል፤ የካኖኑ 22.3 በ14.9፣ ማለትም 332 አካባቢ ነው። ልዩነቱ በመጀመሪያዎቹ 2.35 እጥፍ፣ በካኖን 2.6 እጥፍ ነው። ወደ ስቶፕ ሲለወጥ ከ1.2 እስከ 1.4 ስቶፕ፤ አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው። ሰው ካሜራ ሲቀይር በምስሉ ላይ የሚገዛው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ከአንድ ስቶፕ ትንሽ ዘለል ያለ ብርሃን።

ይህ ብርሃን ከየት መጣ? በሁለቱም ካሜራዎች ላይ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ኤፍ 2.8፣ ሸተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) የሚከፈትበትን ጊዜ 1/125 ሰከንድ ቢያደርጉ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን እኩል ነው፤ ለዚህ ነው ኤክስፖዠሩ (የምስሉ የብርሃን መጠን) የማይለያየው። ሰፊው ሴንሰር ግን ካሬ ሚሊሜትሩ ስለሚበዛ ጠቅላላው የሰበሰበው ብርሃን ይበልጣል። ብርሃን የሚመጣው በፎቶን ነጠብጣብ ሆኖ፣ አመጣጡም የተዛባ ስለሆነ፣ የተሰበሰበው ባነሰ ቁጥር መዛባቱ ጎልቶ ይታያል። በጨለማ ቦታ የምናየው ኖይዝ (በምስሉ ላይ የሚበተነው ሸካራ ነጠብጣብ) አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ካሜራው «ደካማ» ስለሆነ ብቻ አይደለም። ተቀራራቢ ዘመን ላይ የተሠሩ ሁለት ሴንሰሮችን ብናነጻጽር፣ ፉል ፍሬሙ በአይኤስኦ (ካሜራው ምስሉን የሚያደምቅበት ልክ) 3200 የሚያወጣው ምስል ኤፒኤስ-ሲው በ1400 ገደማ ከሚያወጣው ጋር ይቀራረባል። የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለው ፉል ፍሬምና አዲስ ኤፒኤስ-ሲ ሲገናኙ ግን ልዩነቱ ሊጠብ ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። ያ ብርሃን በነፃ አይሰጥም። ለተመሳሳይ ዕይታ በኤፒኤስ-ሲ የትኩረት ርዝመቱ (ፎካል ሌንግዝ) 35 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ ከተጠቀሙ በፉል ፍሬም 50 ገደማ ያስፈልግዎታል፤ ሌንሱ ሲረዝም ደግሞ በዚያው ኤፍ ቁጥር ፎከስ ውስጥ የሚገባው ጥልቀት ይሳሳል። ለአንድ ሰው ፖርትሬት ይህ ደስ ይላል፤ ጀርባው ለስለስ ብሎ ይጠፋል። በሦስት ረድፍ የቆመ ቤተሰብ ሲያነሱ ግን የፊቱ ረድፍ ጠርቶ የኋላው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ አፐርቸሩን መዝጋት ግድ ነው። በኤፒኤስ-ሲ ኤፍ 2.8፣ 1/125፣ አይኤስኦ 1600 የነበረው በፉል ፍሬም ኤፍ 4፣ 1/125፣ አይኤስኦ 3200 ሆነ እንበል። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው በጥልቀትም በኖይዝም ለመለየት ይቸግራል። የገዙት ስቶፕ ተመልሶ ሄደ ማለት ነው። የሸተሩ ፍጥነት ሳይቀየር የሰፊው ሴንሰር ጥቅም የሚገኘው አፐርቸሩን ከፍተው፣ የሳሳውን ጥልቀት ተቀብለው ሲያነሱ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ደስ ላይል ይችላል፤ ካሜራ የመቀየር ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሌንስ ጥያቄ ነው። ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ኪት ሌንስ በ55 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ነው። በምትኩ ኤፍ 1.8 የሆነ 50 ሚሊሜትር ቢሰኩበት የሚገባው ብርሃን ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ፉል ፍሬም የሚጨምርልዎት 2.35 እጥፍ ነበር። ያውም ያ ሌንስ በብዙ አምራቾች ዘንድ ከርካሾቹ ተርታ የሚመደብ ነው።

ተቃራኒውም ይሆናል። ገንዘቡ ሁሉ ለቦዲው (ሌንስ ለሌለው ካሜራ) ያልቅና ገዢው በጥቅል የሚመጣውን ትንሽ ዙም፣ ለምሳሌ በ50 ሚሊሜትር ላይ ኤፍ 6.3 የሆነውን 24-50፣ ይዞ ይወጣል። ቀድሞ በኤፒኤስ-ሲው ላይ ኤፍ 2.8 የሆነ 18-50 ከነበረው ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ከ2.8 ወደ 6.3 ሲወርድ ብርሃኑ አምስት ጊዜ ይቀንሳል፣ ሴንሰሩ 2.35 እጥፍ ይመልሳል። በመጨረሻ አዲሱ ካሜራ ከአሮጌው ከግማሽ ያነሰ ብርሃን ይሰበስባል። ካባ ደርቦ በባዶ እግር መሄድ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት የራስዎን ፎቶዎች ይጠይቁ። ላይትሩም ወይም ሌላ የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ውስጥ ያለፈው ዓመት ምስሎችዎን በአይኤስኦና በአፐርቸር ማጣራት ይቻላል። የወደዷቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 800 ባለው አይኤስኦ የተነሱ ከሆኑ ልዩነቱን በዓይንዎ አያዩትም። ከ3200 በላይ ሆነው፣ ሌንሱም እስከ ጥግ ተከፍቶ የተነሱ ከሆኑ ግን የሌንሱ አቅም አልቋል፤ ፉል ፍሬም ትርጉም የሚኖረው ያኔ ነው። ወፍና የዱር እንስሳ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ቆም ብሎ ያስብ፤ 300 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፒኤስ-ሲ የ450ን ዕይታ ይሰጣል፣ በፉል ፍሬም ያንኑ ለማግኘት ረጅም፣ ከባድና ውድ ሌንስ መሸከም አለ።

ቀጥሎ ያለው ጣጣ አሮጌ ሌንሶች ናቸው። ለኤፒኤስ-ሲ የተሠራ ሌንስ የሚያበራው ክብ ትንሽ ስለሆነ 36 በ24ቱን አይሸፍንም፤ ማዕዘኖቹ ይጠቁራሉ። የኒኮን ዲኤክስ ሌንስ (ለኤፒኤስ-ሲ የሠራው) በፉል ፍሬም ቦዲ ላይ ይገባል፣ ካሜራውም መሃሉን ብቻ ቆርጦ ይጠቀማል። ግን 24 ሜጋፒክሰሉ ወደ 10 ይወርዳል፤ 45 የሆነው ወደ 20 ገደማ። አሮጌ ሌንሶቼን እያስጠጋሁ እቆያለሁ የሚል ሰው ባለ 45ቱን ቢመለከት ይሻላል። በካኖን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ) ዘንድ ነገሩ ከዚህ ይከፋል። ለኤፒኤስ-ሲ የተሠራው የኢኤፍ-ኤስ ሌንስ የኋላ ጫፍ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከፉል ፍሬሙ ትልቅ መስታወት ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ስለዚህ እንዳይሰካ ተደርጎ ነው የተሠራው። መለያው ቀላል ነው፤ ሌንሱ አንገት ላይ ነጭ ካሬ ምልክት ካለ ኢኤፍ-ኤስ ነው፣ ቀይ ክብ ነጥብ ካለ ኢኤፍ ነው፣ ለፉል ፍሬም ይሆናል።

ከዲኤስኤልአር ወደ መስታወት አልባው ሚረርለስ የሚሻገር ሰው አዳፕተር (በሌንሱና በካሜራው መሃል የሚገባ ማገናኛ ቀለበት) ይረዳዋል። በካኖን የሌንስ መግጠሚያው ከሴንሰሩ የሚርቀው በዲኤስኤልአሩ ኢኤፍ 44 ሚሊሜትር፣ በሚረርለሱ አርኤፍ 20 ነው፤ በመሃል ያለው 24 ሚሊሜትር የአዳፕተሩ ቦታ ነው። ውስጡ ብርጭቆ የለውም፣ ስለዚህ ጥራት አይነካም፤ አውቶፎከሱም ይሠራል። ተገላቢጦሹ ግን አይሆንም፤ የሚረርለስ ሌንስ ዲኤስኤልአር ላይ ቢገጠም ሩቅ ያለውን ነገር ፎከስ ማድረግ አይችልም። የኒኮን ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ኤፍቲዜድ በሚባለው የኒኮን አዳፕተር ውስጥ ሞተር የለም። ኤኤፍ-ዲ የሚባሉትን፣ ፎከሳቸው በካሜራው ሞተር የሚዞረውን አሮጌ ሌንሶች በእጅ እያዞሩ መጠቀም ይኖርብዎታል።

ቦዲውን ራሱን ሲመርጡ በሜጋፒክሰል አይጀምሩ። ሠርግና የማይደገም ዝግጅት የሚያነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የካርድ ማስገቢያው ሁለት መሆኑን ነው፤ ካርድ ሳይታሰብ ይበላሻል፣ ሙሽራዋን መልሶ ማስገባት አይቻልም። የካኖን አርፒና አር8፣ የሶኒ ኤ7ሲም አንድ ካርድ ብቻ ነው የሚይዙት። ሁለቱ ካኖኖች ከዚህ በተጨማሪ በሴንሰሩ ላይ መንቀጥቀጥ የሚቀንስ ስልት የላቸውም፤ ሌንሱ ላይ ከሌለ የለም። ቪዲዮ ለሚቀርጽ ደግሞ «ፎርኬ 60» (በሰከንድ 60 ክፈፍ የሚቀርጽ 4ኬ ቪዲዮ) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አያጠግብም። ሶኒ ኤ7 4 በፎርኬ 60 ሲቀርጽ የሴንሰሩን መሃል ብቻ ይጠቀማል፣ የ24 ሚሊሜትሩ ሌንስ የ36ን ዕይታ ይሰጣል። ሰፊ ሆኖ እንዲታይ የገዙት ሌንስ በጠባብ ክፍል ውስጥ ጉድ ይሠራዎታል።

የፋይሉን ክብደት ብዙ ሰው የሚያስበው ከገዛ በኋላ ነው። ባለ 14 ቢት ያልተጨመቀ ሮው (ካሜራው ሳይቀነባበር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ከ24 ሜጋፒክሰል ቢያንስ 42 ሜጋባይት፣ ከ45 ደግሞ 80 ገደማ ይወጣል። ኮምፒውተርዎ አሁን ባሉት ፋይሎች የሚያቃስት ከሆነ ባለ 45ቱ ራሱን የቻለ ሌላ ወጪ ይዞ ነው የሚመጣው።

ያገለገለ ቦዲ መግዛት ለዚህ ሽግግር ጥሩ መንገድ ነው፤ የተረፈው ገንዘብ ለሌንስ ይሆናል። ሸተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ይጠይቁ፣ በፕሮግራምም ያረጋግጡ። ከዚያ ለሴንሰሩ አንድ ፈተና ይስጡት። አይኤስኦውን 100፣ አፐርቸሩን ኤፍ 16 ያድርጉ፣ ፎከሱን በእጅ ወደ ሩቁ ያዙሩና ነጭ ግድግዳ በቅርብ ያንሱ። ሸተሩ ሲዘገይ እጅዎ ቢንቀጠቀጥም ችግር የለውም፤ የሚፈለገው ግድግዳው ሳይሆን ሴንሰሩ ላይ ያለው ነው። ምስሉን አሳድገው ከጥግ እስከ ጥግ ይዩት። ጥቁር ነጥብ ካገኙ ሌንስ ቀይረው ይድገሙ፤ ነጥቡ እዚያው ቦታ ላይ ከታየ ሴንሰሩ ላይ ነው። በእጅ በሚጨመቅ የጎማ አየር መንፊያ ከለቀቀ አቧራ ነበር። ካልለቀቀ በእርጥብ ስዋብ (የሴንሰር መጥረጊያ) ተጠርጎ ግድግዳው እንደገና ፎቶ ይነሳ፤ ከዚያም በኋላ በዚያው ቦታ ጠርዙ የሰላ ሰረዝ ከቀረ ሴንሰሩን የሸፈነው ብርጭቆ ተጭሯል፣ ያንን ካሜራ ይመልሱት።